ጣሪያው ሲንሳፈፍ

የተሰበረ እግሬን ቀዶ ጥገና በተደረግኩበት ሌሊት፣ ማደንዘዣው ሲለቀኝ አንሶላ ነከስኩ። ሞርፊን አልቋል ተባለ። ነርሷ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትንሽ ኬታሚን እንሰጥሃለን፤ ጣሪያው ቢንቀሳቀስብህ አትደንግጥ» አለችኝ። እውነትም ተንሳፈፈ። ሕመሙ አልጠፋም፤ የሌላ ሰው ሕመም ሆነ እንጂ። እናቴ «ምን ታየህ ልጄ?» ስትለኝ ሳቅሁ፤ እሷ አማተበች።

ወዳጆቼ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ይህ መድኃኒት በዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ሥር ይግባ ብላ ለተባበሩት መንግሥታት ስታመለክት፣ የዓለም ጤና ድርጅት አይሁን ብሎ ነበር። የማደንዘዣ ማሽን በሌለበት የገጠር ሆስፒታል ምጥ የጠናባት እናት የምትድነው በእሱ ነዋ! በትንሽ መጠን ሲሰጥም እንደ ሞርፊን ትንፋሽ አያዳክምም። እኔ ያኔ በፍሪላንስ የተረጎምኩት ዜና ግን ስለ ጭፈራ ቤት ሱሰኞች ብቻ ነበር። ርዕሱን እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ አፍርበታለሁ።