ለመድረክ የማይመች ሙያ

ገበሬው ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ድርሰቶቻችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ወታደሩ፣ ቄሱ፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ጸሐፊው፣ ሾፌሩ፣ ጠላ ሻጪዋ በየተራቸው መድረክ ላይ ወጥተው አልቅሰዋል፤ አስቀውናልም። በከተሞቻችን ከዓመት ዓመት ቁጥሩ የሚጨምረው፣ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም እየጻፈ የሚያድረው ሰው ግን ከመድረካችን ላይ እስከዚህም ቦታ ያገኘ አይመስለኝም። ይህን ክፍተት በአንድ ተውኔት ለመሙላት አስቤ ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የዚህን ሙያ ሰው በቅርብ ስመለከት ቆይቻለሁ። ለዚህም ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የእህቴ ልጅ ነው፤ ከባለቤቱና ከአራት ዓመት ሴት ልጁ ጋር እኔ በምኖርበት ግቢ፣ ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖራል።

ተውኔቱ እስካሁን አልተጻፈም። ተውኔት በድርጊት የሚቆም ጥበብ ነው፤ የዚህ ሰው ድርጊት ደግሞ መቀመጥ ነው። አንድ ምሽት ከአጠገቡ ወንበር ስቤ ሁለት ሰዓት ያህል ተመለከትሁት። በመጀመሪያው ሰዓት አንድም ፊደል አልነካም፤ በላፕቶፑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ ያነብ ነበር። በሁለተኛው ሰዓት እኩሌታ ላይ ሦስት መስመር ደመሰሰ፤ በምትኩ አንድ መስመር ጻፈ፤ ከዚያም ወደ ኋላው ተለጥጦ እንደ አሸናፊ ፈገግ አለ። ይህን ለተመልካች አሳይቶ መጋረጃ ለመዝጋት የሚደፍር አዘጋጅ ካለ ላውቀው እወዳለሁ።

«ምን አደረግህ?» አልሁት።

«አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቈጠር ነበር፤ ጋሼ። አሁን አንድ ጊዜ ይቈጠራል» አለኝ።

ሥራው ይህ ነው። እሱ አዲስ አበባ፣ አሠሪዎቹ አሜሪካ ናቸው፤ የመጋዘን ዕቃ የሚቈጣጠር ፕሮግራም ይሠራላቸዋል። በምሥራቅ አሜሪካ ቀትር ሲያልፍ በእኛ ዘንድ ይመሻልና የሥራ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሙያውን ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ ፕሮግራም ጸሐፊ ዘወትር አዲስ ነገር ሲፈጥር የሚያመሽ ይመስለዋል። የሰዓቱ አብዛኛው ግን የሚያልፈው ሌሎች የጻፉትን በማንበብ፣ ጸሐፊው ምን አስቦ እንደ ነበር በመገመት፣ የተሰበረውን በመጠገንና ጥገናው ሌላ ስብራት አለማምጣቱን በመፈተን ነው። በብራና ኅዳግ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ የሚመረምር ሊቅ ያለበትን ድካም ይመስላል፤ ልዩነቱ የዚህኛው ጽሑፍ ስሕተት መጋዘን ሙሉ ዕቃ ይዞ መጥፋቱ ላይ ነው።

በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ትልቅ የፕሮግራም ሥራ የመራው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ብሩክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ፕሮግራም ጸሐፊን ከባለቅኔ ጋር አመሳስሎታል። ንጽጽሩ እኛን ባለቅኔዎችን ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም እኔ የምቀበለው በከፊል ነው። የግጥም አንባቢ ያልተባለውንም ይሰማል፤ ቃሉ ቢጐድል ከራሱ ይሞላል። ኮምፒዩተር ግን ወርቅ የሚባል አያውቅም፤ ለእሱ ያለው ሰም ብቻ ነው። ይልቅስ እኔ ከተዋናይ ጋር አመሳስለዋለሁ፤ ያውም ከክፉ ተዋናይ ጋር። ደራሲው «ይወጣል» ብሎ ስለጻፈ ብቻ፣ በሩ ተቈልፎ እንኳ ቢያገኘው እስኪነጋ ድረስ ግድግዳውን ሲገፋ የሚያድር ተዋናይ አስቡ። የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያዘጋጀው እንዲህ ያለውን ነው።

ስሕተቱን እነሱ «ባግ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረ አንድ ትልቅ የሒሳብ ማሽን ውስጥ በእርግጥም የሌሊት ቢራቢሮ ገብታ ሥራውን አስተጓጕላ ነበርና፣ ሠራተኞቹ አውጥተው በመዝገባቸው ላይ ለጥፈዋታል። ቃሉ ከዚያም በፊት በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ነበር። ከሙያው ውስጥ እስካሁን ለመድረክ የሚመች ሆኖ ያገኘሁት ይህችን ቢራቢሮ ብቻ ነው።

ከሥራው ሌላ ያለ ደመወዝ የያዘው አንድ ነገር አለ፤ የሰፈራችን እድር መዝገብ። እድሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብተሩን ትቶ መዋጮ በኮምፒዩተር መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት ብዙ ሳይቆይ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ አድራሻውን የሚያውቅ አልተገኘም። ባለፈው ዓመት በእድሩ ሰሌዳ ላይ የ11 አባላት ስም ወጣ፤ የሦስት ወር መዋጮ ስላልከፈሉ በደንቡ መሠረት ይሰረዛሉ የሚል ነው። ከመካከላቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ የሚያድሩ አንዲት እናት ነበሩ። ደረሰኞቻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው መጡ። የእድሩ ጸሐፊ ቢቈጥራቸው የሦስት ዓመት 36 ደረሰኝ ሆነ፤ አንድም አልጐደለም። ኮምፒዩተሩ ግን «ሦስት ይቀራል» እንዳለ ጸና። ጸሐፊው በሴትዮዋና በማሽኑ መካከል ተጨነቀ፤ ከተሰበሰቡትም ብዙዎቹ ወደ ማሽኑ አዘነበሉ። «ዕዳ ይዤ መሞት አልፈልግም፤ ግን ከፍያለሁ» ብለው ደረሰኛቸውን መልሰው ጠቀለሉ።

ቀብር በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከእድር መውጣት ማለት ድንኳን የሚተክልልህ፣ ሬሳህን የሚሸከምልህ ማጣት ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ፕሮግራሙን ሦስት ሌሊት አነበበው። ነገሩ ጳጉሜን ነበረች። ያ ወጣት ዓመት 13 ወር አለው ብሎ ጽፏል፤ እውነት ነው። በየወሩ አንድ መዋጮ ይከፈላል ብሎም ጽፏል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ሲጋጠሙ ግን በ5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስም በ6 ቀን የምታልቀው ጳጉሜን የሙሉ ወር መዋጮ ትጠይቃለች። በዓመት አንድ፣ በሦስት ዓመት ሦስት። ታዲያ ዕዳው በሁሉም ላይ ለምን አልመጣም ቢሉ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ የሚከፍል አባል «ዓመቱን ጨርሷል» ተብሎ ስለሚመዘገብ ነው። የተጠራቀመው አቅማቸው በየወሩ ብቻ እንዲከፍሉ በሚፈቅድላቸው ላይ ነበር። የማሽን ስሕተት ሰው አይመርጥም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የድሀን ቤት አጥርቶ የሚያውቅ ይመስለኛል። ስሞቹ ከሰሌዳው ተነሡ። የተለወጠው አንድ መስመር ነው።

ከእኔ ጋር ያጣላን ደግሞ ፊደል ነው። በዚያው መዝገብ ውስጥ አንዱን ሰው ሁለትም ሦስትም ሆኖ አገኘው፤ ስሙ አንዴ በ«ኃ»፣ አንዴ በ«ሀ» ይጻፍለታልና። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት፣ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል 24 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ለኮምፒዩተር እነዚህ 24 ሰዎች ናቸው። የእሱ ሐሳብ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ማምጣት ነበር። ተቈጣሁ። «ሠረቀ» ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ ግዕዝ የለያቸውን አንተ ምን ቤት ነህና ታጋባቸዋለህ? አልሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። በሳምንቱ የሠራውን አሳየኝ፤ ስሙ ባለቤቱ እንዳስጻፈው ይቀመጣል፤ እንደዚያው ይታተማል፤ ከበስተኋላ ግን ሞክሼዎቹ የተጠቃለሉበት ሌላ ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ይያዛል። «ለፈላጊው ነው እንጂ የጸሐፊውን አልነካሁም፤ ጋሼ» አለኝ። በፊደል ጉዳይ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ይህን ያህል ጨዋ የሆነ ውሳኔ ሰምቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። በተማሪነቴ ዘመን የጻፍሁት የአንድ ገቢር ተውኔት በፍሎፒ ዲስክ ላይ ቀርቶ፣ ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ክምር ብቻ ይታይ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ አንድ የታተመ ወረቀት ስለ ተረፈኝ፣ የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ከክምሩ ጋር እያስተያየ የትኛው ምልክት በየትኛው ፊደል ቦታ እንደ ቆመ ሠንጠረዥ አወጣ። በሁለተኛው ቅዳሜ ተውኔቱ ተነበበ። ተውኔቱ ያን ያህል ጥሩ አይደለም፤ ቢሆንም የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ከዚያ ዝባዝንኬ ውስጥ ሲወጣ መስማት ልብ ይነካል።

ስለ ጊዜ ያጫወተኝንም ልጨምር። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቈጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፈው ሰከንድ ነው። በአሮጌው አሠራር መቁጠሪያው ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። ያ ሰከንድ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ በየባሕረ ጥምቀቱ ዳር አድረው ሕዝቡ ጠበሉን በሚጠባበቅበት ጠዋት። ያልታደሰ ማሽን ካለ በዚያች ቅጽበት ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ይመለሳል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ወደነበሩበት ዘመን። አዳዲሶቹ ተስተካክለዋል። በየመጋዘኑና በየፋብሪካው የተረሱትን አሮጌዎች ፈልጎ ማግኘት ግን የእንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሥራ ነው፤ አንድ ነገር ካልተበላሸም ማንም መሥራታቸውን አያውቅም።

ቤቱ ይህን ሁሉ በምን እንደሚከፍል አይቻለሁ። ባለቤቱ መምህርት ናት፤ ጠዋት በ1 ሰዓት ስትወጣ እሱ ከተኛ አራት ሰዓት አይሞላውም። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ከበር ላይ ይገናኛሉ፤ እራት ላይ ጥቂት ያወራሉ፤ ከዚያ እሱ ሥራ ይገባል። ልጃቸው ለእንግዳ «አባዬ ቀን ነው የሚተኛው» እያለች እንደ ትልቅ ማዕረግ ትናገራለች። በወር አንድ ሳምንት ተረኛ ሲሆን ስልኩ ከትራሱ ሥር ያድራል። በቅርቡ ከዘመድ ልቅሶ ላይ ተጠርቶ ከድንኳኑ ወጣ፤ ከጓሮ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አንድ ሽማግሌ «ይህ ልጅ በልቅሶ ቤት ምን ይጫወታል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። መልስ አልሰጠሁም፤ በሁለት አረፍተ ነገር የሚመለስ ጥያቄ አልነበረምና።

የዴንማርኩ የኮምፒዩተር ሊቅ ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ማለት በመሠረቱ በጸሐፊዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ዕውቀት እንደሆነ፣ ሰዎቹ ሲበተኑም ፕሮግራሙ እየሠራ እንኳ ቢሆን እንደ ሞተ ሊቈጠር እንደሚገባ ተከራክሯል። የእድሩን ነገር ካየሁ ወዲህ ይህ አባባል የተጋነነ መስሎ አይታየኝም። ይህ ጉዳይ አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ገብቷል። አሠሪዎቹ የእህቴን ልጅ ከነቤተሰቡ ወደ እነሱ አገር ሊያዛውሩት ጠይቀውታል። ባለቤቱ ትፈልጋለች፤ እዚያ ቢሄዱ ሌሊቱ ሌሊት፣ ቀኑም ቀን ይሆንላታል። እህቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ዝም ብላ በርበሬ መቀንጠስ ጀምራለች። እሱ ገና አልወሰነም።

ሳይወስን ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የሰፈራችንን የ12ኛ ክፍል ተማሪ እያስቀመጠ የእድሩን ፕሮግራም ያስነብባታል። እሱ ዝም ይላል፤ እሷ ታነባለች፤ ያልገባት ቦታ ላይ ስትደርስ የመስመሩን ምክንያት ከጐኑ በአማርኛ ይጽፍላታል። ማሽኑ እነዚህን ማስታወሻዎች አያያቸውም፤ ዘሎ ነው የሚያልፋቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ይዤላቸው ገብቼ አንዱን አነበብሁ። «ጳጉሜን ወር ናት፤ መዋጮ ግን የላትም። ይህን መስመር ከማንሣትሽ በፊት ጸሐፊውን ጠይቂ፤ የእማማን ደረሰኝም ቁጠሪ» ይላል። ከሥሩ ልጅቷ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ቈጥሬአለሁ። 36 ናቸው።»