«ቲችድ» ያለው ልጅ

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን ሁለት ሆነን አንድ የአምስተኛ ክፍል ተረከብን። አንዳችን ስናስተምር አንዳችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንመዘግባለን። የዕለቱ ትምህርት ኢሬጉላር ቨርብ ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፍለን፣ እኛም በልጅነታችን እንደ ተማርነው፣ «ጎ—ዌንት—ጎን፤ ሲ—ሶ—ሲን» እያልን ልጆቹን አስከተልን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲቀበለን ትምህርቱ የሰመረ መሰለን።

ከዚያ የ«ቲች»ን ኃላፊ ጠየቅን። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ምንም ሳያመነታ «ቲችድ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። የክፍሉስ ይሁን፤ እኛም አብረን ሳቅን። ልጁ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ሲያወጣ አላየነውም። በመዝገባችን ላይ የሰፈረው ግን «ተማሪዎቹ በንቃት ተሳትፈዋል» የሚል ነበር!

ማታ ማደሪያችን ገብተን ስንነጋገር ነገሩ ከነከነን። ለመሆኑ ልጁ ምን አጠፋ? ባለፈው ሳምንት «ለኃላፊ ጊዜ ኢ-ዲ ጨምሩ» ያልነው እኛው ነን። ዎክ—ዎክድ፣ ፕሌይ—ፕሌይድ ካልን በኋላ ቲችድ ያለ ልጅ ሕጉ ገብቶታል ማለት ነው። እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ የሚለምዱ ሕፃናት እንኳ «ጎድ» ይላሉ፤ ያውም ቀድሞ «ዌንት» ይሉ የነበሩት፣ ሕጉን ሲደርሱበት ጊዜ።

ደግሞስ ልጁ «ዌንት ከጎ እንዴት መጣ?» ቢለን ምን እንመልስ ነበር? «በቃ እንዲሁ ነው፣ ሸምድደው» ነው የምንለው። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን ዌንት ከነጭራሹ የጎ ዘመድ አይደለም። ዌንድ የሚባል የሌላ ግሥ ኃላፊ ነበረ፤ ሴንድ ሴንት እንደሚል ማለት ነው። ጎ ወስዶ የራሱ አደረገው። ሲንግ—ሳንግ—ሰንግና ድሪንክ—ድራንክ—ድረንክ ደግሞ የጥንት ሕግ ቅሪቶች ናቸው፤ ያኔ ብዙ ግሦች የሚረቡት መካከለኛውን አናባቢ በመለወጥ ነበርና። ሄልፕ እንኳ ዱሮ ኃላፊው «ሆልፕ» ነበር፤ ዛሬ ሄልፕድ ሆኗል። ቢ፣ ሃቭ፣ ዱ፣ ሴይ፣ ጎ ግን በየደቂቃው ከሰው አፍ ስለማይጠፉ እንደ ጥንታቸው ቀሩ።

እንግሊዝኛን እንዲህ እያማን ሳለ በሩ ተንኳኳ። «ና ግባ!» አልን። የገባው የክፍል ጓደኛችን ነገሩን ሰምቶ «የእናንተስ?» አለን። ወጣ—ውጣ፣ ቀጣ—ቅጣ ከተባለ መጣ «ምጣ» መሆን አልነበረበትም? «ና»ን ከየት አመጣችሁት? ዛሬ «አለ» የምትሉትንስ ትናንት «ነበረ» የምትሉት በየትኛው ሕግ ነው? ዝም አልን። ጓደኛችን አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በሁለተኛ ክፍል ሳለ ጓደኛውን «ምጣ» ብሎ ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ እንደ ሳቀበት አጫወተን። መምህሩም ሳቁ አሉ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ አማርኛ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነበር።

በልምምዳችን የመጨረሻ ቀን «ቲችድ»ን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ይህን ያለው ልጅ ሕጉን በትክክል እንደ ሠራበት፣ የሳቅነው እኛ እንደ ተሳሳትን ለክፍሉ ነገርን፤ ከጎኑም «ቶት» ጻፍን። ልጁ እንዳቀረቀረ ሁለቱንም በደብተሩ ላይ ገለበጠ። እጁን ግን አላወጣም።