የዕድሩ ደብተርና የጋርላንድ አውሎ ነፋስ

በዚህ ገጽ ስለ አገር እንጂ ስለ ጓዳችን መጻፍ ልማዳችን አይደለም። "እኛ" እያልን መጻፋችንም ከዝግጅት ክፍል ይዘነው የተሰደድን አመል ነውና ከኩራት አይቆጠርብን። ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን ዕዳ ሆኖብን ብዙ ቆይቷል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 26 ቀን 2015። ፈረንጆቹ ገናቸውን ባከበሩ ማግሥት መሆኑ ነው። እኛ ገና በነቢያት ጾም ውስጥ ነበርን። ከዳላስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጋርላንድ ከተማ ለታኅሣሥ የማይገባ ሙቀት ወርዶ፣ አየሩ እንደ ክረምት መግቢያ ረጥቦና ከብዶ ዋለ። ከቀትር በኋላ ቴሌቪዥኑ ካርታውን በቀይ ቀለም እየሞላ "ዋች" ይል ጀመር። ዐማርኛችን ሁለቱንም "ማስጠንቀቂያ" ብሎ ስለሚጠራቸው ብዙ ወገኖቻችን የማይለዩት ነገር አለ፤ "ዋች" ማለት ቶርኔዶ ሊነሣ የሚችልበት አየር ተፈጥሯልና ተጠባበቁ ማለት ሲሆን፣ "ዋርኒንግ" ማለት ግን ታይቷል፣ መጥቷል፣ አሁኑኑ ተሸሸጉ ማለት ነው። ስልኮቻችን በአንድ ጊዜ ሲጮኹና የከተማው ሳይረን ሲያላዝን የመጣው ሁለተኛው ነበር። የልጃችን አያት ከአገር ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነበርና፣ "ምነው፣ ማን ሞቶ ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አሉ።

በቴክሳስ አብዛኛው ቤት ምድር ቤት የለውም። መስኮት የሌለው ክፍል የእኛ መታጠቢያ ቤት ብቻ ስለ ነበረ፣ ልጃችንን ከነአያቷ በገንዳው ውስጥ አስቀምጠን ፍራሽ ደፋንባቸው። እናቷና እኛ በበሩ ሥር ተቃቅፈን ተቀመጥን። እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዳዊታቸውን በቃላቸው ያነበንባሉ። መብራት ጠፋ። ከሩቅ እንደ ባቡር ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ "እንደ ባቡር" የሚለው ከሰነፍነት ይመስለን ነበር፤ ለካ ሌላ ቃል የለውም። ድምፁ ወደ ምሥራቅ እየራቀ ሄደ።

በእኛ ሰፈር ከተሰበሩ ዛፎች በቀር ጉዳት አልነበረም። ነፋሱ ያለፈው ከእኛ ጥቂት ማይሎች ራቅ ብሎ፣ ኢንተርስቴት 30 አውራ ጎዳና ከጆርጅ ቡሽ የክፍያ መንገድ ጋር በሚገናኝበት፣ በሬይ ሀባርድ ሐይቅ ዳር ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከፍ ካለው ድልድይ ላይ መኪኖችን ከነተሳፋሪዎቻቸው አንሥቶ ወደ ታች ጣላቸው። ከዚያም ወደ ሰሜን ወደ ራውሌት ከተማ ዘልቆ ቤቶችን ከመሠረታቸው ነቀለ። በዚህ አንድ ነፋስ ብቻ 10 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በመኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ባለሙያዎች በማግሥቱ ዱካውን ተከትለው የፈረሰውን በመመርመር በፉጂታ መለኪያ አራተኛ ደረጃ ሰጡት፤ ከፍተኛው አምስት ነው።

ያን ጊዜ የዕድራችን ጸሐፊዎች እኛ ነበርን። ደብተሩ 60 ያህል አባወራዎችን ይዟል፤ በሀሁ ተራ የተጻፉ ናቸው። ባትሪ አብርተን ደብተሩን ወለል ላይ ዘረጋንና የልጃችን እናት በአንድ ስልክ፣ እኛ በሌላው እንደውል ጀመር። መሥመሩ ተጨናንቆ አንዱን ሰው ለማግኘት አምስትና ስድስት ጊዜ መሞከር ግድ ነበር። ላገኘነው ሁሉ በስሙ አጠገብ እንደ አስተማሪ ራይት እናደርጋለን። አንዷ እኅታችን ሁለት ሕፃናት ይዛ ልብስ መስቀያው ውስጥ እንደ ተቀመጠች ነበር፤ ሳይረኑ ዝም ካለ አንድ ሰዓት አልፎታል፣ "ውጡ የሚለንን እየጠበቅን ነው" አለችን። ውጡ የሚል ሳይረን እንደሌለ የነገራት ሰው አልነበረም። አንድ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ደግሞ ከሥራው ሳይነቃነቅ ነበር ያገኘነው፤ አለቃው ሳያሰናብተው ተረኛነቱን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም።

'ተ' ላይ ስንደርስ እጃችን ቆመ።

እዚያ የተጻፈው የአንድ ወዳጃችን ስም ነው። ከአምቦ ገጠር መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አብሮን የተማረ፣ ዕረፍት ሲሆን ደብረ ብርሃን እናታችን ቤት ይዘነው የምንሄድ፣ ስደት ላይም ቀድሞን መጥቶ ከአውሮፕላን ጣቢያ የተቀበለን ሰው ነው። ታክሲ ይነዳል፤ ቤቱ ራውሌት ነው፤ ቅዳሜ ማታ የሚመለሰውም በዚያው በ30 መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የፖለቲካ ስብሰባ ላይ ተጋጨን። እሱ "ትምክህተኛ" አለን፤ እኛ ደግሞ ስሙን ሳንጠራ፣ ሁሉም ማን እንደ ሆነ በሚያውቀው መንገድ፣ "ጠባብ" ብለን ጻፍንበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነበረንም። የዕድር መዋጮውን እንኳ በሰው ይልክ ነበር።

ደወልን። አይነሣም። ባለቤቱ ዘንድም አይነሣም። ስሙን ዘለን ቀጠልን፤ ደብተሩ አልቆ ሁሉም ራይት ሲሆን የእሱ ብቻ ባዶ ቀረ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ የእኛ ስልክ ጮኸ። እናታችን ናቸው፤ በዚያ የእሑድ ንጋት ነው። የጎረቤት ልጅ በፌስቡክ አይቶ ነግሯቸው ኖሯል። "ነፋስ አገሩን በላው አሉኝ፤ አላችሁ?" አሉ። እኛ ለእሳቸው ስንሳቀቅ የኖርን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ለእኛ ሲሳቀቁ ሰማን። ሁላችንም ደህና መሆናችንን ከነገርናቸው በኋላ፣ "ያ የአምቦው ልጄስ?" ብለው ጠየቁ። እየፈለግነው ነው አልን። ዝም ብለው ቆዩና፣ "የወንድሙ ልጆችስ ወጡለት? አምቦ ደግ አይደለም ይላሉ" አሉ።

የምንመልሰው አልነበረንም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳርሶ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነፋሱ ከመነሣቱ ከሳምንት ገደማ በፊት ቢያንስ 75 ሰዎች መገደላቸውን ሲገልጽ፣ መንግሥት ቁጥሩን በጣት ወደሚቆጠር አውርዶት ነበር። እኛም በዚያው ሰሞን ስለ ግድያው ሁለት ጽሑፍ ጽፈናል፤ ጠንካራ ቃላት የሞሉባቸው፣ ብዙ ሰው የተቀባበላቸው። ወንድሙ አምቦ እንደሚኖር፣ ሁለት ልጆች እንዳሉት እናውቃለን። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልንለትም። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ከደብረ ብርሃን ሆነው የጠየቁትን እኛ ከአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ሆነን አልጠየቅንም።

አምስት ሰዓት ሲሆን በማናውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። እሱ ነው። ነዳጅ ሊቀዳ ከመገናኛው ቀደም ብሎ ወርዶ ነበር፤ ነፋሱ ፊት ለፊቱ አለፈ። የመኪናው መስተዋት ሁሉ ረግፏል፤ ስልኩ የት እንደ ወደቀ አያውቅም። መንገዱ ስለ ተዘጋ በጨለማና በዝናብ በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ደረሰ። ጣሪያው ተነሥቷል፤ ባለቤቱና ልጆቹ ግን ተርፈው ጎረቤት ተጠልለዋል። የሚያናግረን በጎረቤቱ ስልክ ነው። ባለቤቱ ስልኳን ስትከፍተው የእኛ ቁጥር አሥራ አንድ ጊዜ ተደርድሮ አየችው አለን። "አሥራ አንድ ጊዜ ደወልክ" አለ። ድምፁ ደክሟል።

"ፈርተን ነው" አልነው።

"ለነፋሱ ደወልክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ልጅ ግን አልደወልክም። ትልቁ ልጅ ከታሰረ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። የት እንዳለ አናውቅም። ጽሑፍህን አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። እሱ እዚያ ውስጥ ካሉት መሆኑን ታውቅ ነበር?"

በ1998 ዓ.ም. እኛም ታስረን እንደ ነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ የልጃችን እናት ስንቅ ቋጥራ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ትዞር ነበር፤ ስንቁ ከገባ ሰውየው አለ፣ ከተመለሰ የለም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንድ ዘበኛ ሣህኑን ተቀበላት። በእነዚያ አሥራ ሦስት ቀናት ስንቅ ስታዞር በታክሲው ያመላለሳት የዚህ ሰው ታናሽ ወንድም ነበር። አምቦ ያለው ወንድም፤ የታሰረው ልጅ አባት። ይህን ረስተነው አይደለም። ስንጣላ ከማናነሣቸው ነገሮች መካከል አስቀምጠነው ነበር።

ይቅርታ አልነው። "በኋላ" አለ፤ ይቅርታውን እንዳልተቀበለን ይገባናል። ቀጥሎ ግን፣ "ቆይ፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ እናትየውን ላገናኝህ" ብሎ አምቦን ጨምሮ ሦስትዮሽ ጥሪ አደረገልን። ስልኩ ረዥም ጊዜ ጠራ። በኋላ የሴት ድምፅ አነሣ፤ በቀኝ እጇ ሌላ ሥራ እንደያዘች የምትመስል፣ የቸኮለች። ማን እንደ ሆንን ስንነግራት የልጇን ነገር ከመንገሯ በፊት፣ "አውሎ ነፋስ መጣባችሁ አሉ፤ ቤታችሁ ቆሟል? ልጃችሁ አልደነገጠችም?" ብላ ጠየቀችን።

በነጋታው ሙቀቱ ወርዶ ብርድ ገባ። ወዳጃችን ጣሪያው እስኪጠገን ቤተሰቡን ይዞ እኛ ዘንድ ሰነበተ፤ እማማ ሽሮ እየሠሩ ያበሏቸዋል፣ እኛና እሱ ግን ብዙም አናወራም ነበር። የአውራጃው መርማሪ ሐኪም የሟቾቹን ስምና ዕድሜ አንድ በአንድ ሲያወጣ ቴሌቪዥን ፊት አብረን ተቀምጠን ሰማን። እሱ ዝርዝሩ እስኪያልቅ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሣም።

መንግሥት ሕዝቡን ያስቆጣውን ማስተር ፕላን በጥር ወር መተዉ ተነገረ፤ ልጁ ግን አልተፈታም። በዕድሩ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሀሁው ውጭ፣ የወንድማማቾቹን ስም ጽፈን ነበር። በታናሹ ስም አጠገብ ያን ቀን ማለዳ ራይት አደረግን። በታላቁ አጠገብ ያደረግነው በግንቦት ነው፤ በሌላ ቀለም ነው፤ እስክሪብቶውን የያዘው ወዳጃችን ነበር።