ዳል ባት በቆሰበር

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ «ኤቨረስት 8,848 ሜትር» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስንት ዓመት ኖርኩ። ኔፓልንም ካርታ ላይ አሳይቻችኋለሁ። እዚያ ተራራ ሥር ያለ ሰው ምሳውን ምን እንደሚበላ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ረቡዕ እዚሁ ቆሰበር፣ እናታችን ጓዳ ውስጥ የኔፓል ምግብ ሠራሁ። ሻይ ከማፍላት ያለፈ ሙያ እንደሌለኝ የምታውቁ መሳቅ ትችላላችሁ።

ታናሽ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ከተመለሰች ወራት ሆኗታል። ስለዚያ ኑሮዋ ስንጠይቃት «ደህና ነበር» ትልና ዝም። ማክሰኞ ማታ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «እዚያ ሳለሽ ምን ነበር የምትወጂው ምግብ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ዳል ባት» አለች። ዳል ምስር፣ ባት የበሰለ ሩዝ ነው። ያስለመደቻት አብራት እዚያው ቤት ትሠራ የነበረች ኔፓላዊት ናት።

የሚያስፈልገው ሁሉ ገበያችን ውስጥ አለ። የፎገራ ሩዝ፣ ምስር ክክ፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን። በአዊ ምድር ስለ ድንች አይወራም፤ ሞልቷል። ጾም ስለነበር ቅቤውን በኑግ ዘይት ተካነው። እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ እኔ እሠራለሁ።

ምስሩ በርበሬ የለውም፤ በእርድና በጨው ቀጠን ብሎ ይበስላል። መጨረሻ ላይ ዘይት አግለህ ከሙን ጣል ታደርግና ቸስ ሲል ከላይ ትደፋዋለህ። ለድንቹ ደግሞ መጀመሪያ የአብሽ ፍሬ በጋለ ዘይት እስኪጠቁር ይቆላል። ሽታው ሲወጣ እናታችን ሮጣ መጣች።

«ኧረ አረረ! አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታቃጥለው ነው?»

«ተይው እምዬ፣ እንዲጠቁር ነው» አለች እህቴ። ሳቀች። ከመጣች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሩዙን አበላሸሁት። ውኃ አብዝቼ ተላቆጠ። «ይሄማ ዲንዶ ሆነ» አለች። ዲንዶ ዱቄት በፈላ ውኃ እየተማሰለ የሚሠራ ነው፤ በኔፓል ኮረብታዎች በዳጉሳ ጭምር ይሠሩታል።

«ዳጉሳ? የኛው ዳጉሳ?» አለች እናቴ።

የኛው። ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች ተነሥቶ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ የተሻገረ እህል ነው። ኑጉም ከኛ አገር የሄደ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ክፍል ውስጥ ሳብራራ እናቴ በአንድ ቃል ዘጋችው፦ «ታዲያ ገንፎ የሚበላ ሰው ነው በለኛ!»

ልንበላ ቀረብን። እነሱም እንደኛ በቀኝ እጃቸው ነው የሚበሉት። እህቴ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ሳንጠይቃት ማውራት ጀመረች።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 በሊቢያ የታረዱት ወንድሞቻችን ቪዲዮ የወጣ ቀን እህል አልቀምስ አለች። የሁለቱ መግባቢያ የተሰባበረ ዐረብኛ ነው። ያቺ ልጅ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ዳል ባት ሠርታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እስክትበላም አልተነሣችም። ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 17፣ ኔፓል ተንቀጠቀጠች፤ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። መነሻው ጎርካ የሚባል አገር ነበር፤ የልጅቷ አገር። ሦስት ቀን ስልክ ስትደውል የሚያነሣ የለም። ያኔ ተራው የእህቴ ሆነ፤ ያንኑ ዳል ባት ሠርታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እናቷ ተርፋለች» አለች እህቴ። «ቤታቸው ግን ፈርሷል። እሷ ወደ አገሯ ስትሄድ ስልኳን ጻፍኩት፤ በኋላ ወረቀቱን ቀሙኝ።»

እናቴ እጇን ከሳህኑ አነሣች። «ስሟን ንገሪኝ» አለቻት። እህቴ ነገረቻት። ክርስትናም ስም አይደለ፣ አፏ ላይ አልያዝ አላት፤ ደጋግማ አስጠናቻት። አሁን ማታ ማታ ስትጸልይ ከኛ ስም ቀጥሎ እየተሰባበረ ሲጠራ እሰማለሁ።

ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ወይ ልጅ ቤታችሁ ካለች፣ «ምን አገኘሽ? ምን ደረሰብሽ?» እያላችሁ አታስጨንቋት። ከማን ጋር ምን ትበላ እንደነበር ጠይቋት። ከዚያ ብታበላሹትም ሥሩላት።