ያጠብኩት ሉሕ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በዛሬው ጽሑፌ ላነሳላችሁ የፈለግኩት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የሚገኝ የአንድ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ መምህራንን ታሪክ ነው። “ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው ስለ ሥዕል ትምህርት ቤት ምን አገባው?” የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ እኔም እስከ ዓምና ድረስ እንዲሁ እል ነበር። ሆኖም ጉዳዩ ከሃያ ዓመት በፊት በገዛ እጄ ከሠራሁት ጥፋት ጋር ተገናኘብኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

ዓምና በክረምት ታላቅ ወንድሜ ቤቱ አስጠራኝ። ሴት ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥታለች፤ አል-ሐምዱሊላህ። አባቷ የሒሳብ አያያዝ እንድትማርለት ይመኛል። እሷ ግን “አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው የምገባው” ብላ ሙጭጭ አለች። ወንድሜ ግራ ቢገባው “አንተ ዲኑንም ታውቃለህ፣ አስተማሪም ነህ፤ አንተን ትሰማለችና ምከርልኝ” አለኝ። እኔም ለምክር ሳይሆን ለክልከላ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። የምላትን ሁሉ በመንገዴ ላይ በልቤ ደርድሬ ጨርሼ ነበር።

ቡናው ቀርቦ ገና አንደኛውን ስንጠጣ ልጅቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥቂት ወረቀቶች ሰጠችኝ። “አጎቴ፣ የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ። ከዚያ በፊት ግን የእኚህን ሰው ታሪክ ያንብቡልኝ። አባታቸው እንደ እርስዎ የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ” አለችኝ። ይህን ከተናገረች በኋላ ያዘጋጀሁትን ቁጣ ማውጣት አልቻልኩም። ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እንግሊዝኛዬ ቀን ስሠራ ውዬ ማታ የተማርኩት ስለሆነ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ሰውየው ኢብራሂም አል-ሰላሒ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1930 በሱዳን፣ በኡምዱርማን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቁርኣን ያስቀሩ ስለነበር ልጁም ገና በሕፃንነታቸው ከደረሶቹ ጋር ተቀምጠው በእንጨት ሉሕ ላይ መጻፍ ጀመሩ። በሱዳን ደረሳው ከቁርኣኑ የተወሰነ ክፍል ሲያጠናቅቅ ሉሑን በሐረግና በቀለም የማስጌጥ ልማድ አለ፤ ሸራፋ ይሉታል። አል-ሰላሒ የመጀመሪያውን የጌጥ ትምህርት የቀሰሙት እዚያው ከአባታቸው ዘንድ ነበር። ካደጉም በኋላ በካርቱም በእንግሊዞች ዘመን በተከፈተው የዲዛይን ትምህርት ቤት ገቡ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1957 ለንደን በሚገኘው ስሌድ በተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱና በካርቱሙ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ነው።

እንደተመለሱ ካርቱም ውስጥ ግራንድ ሆቴል በተባለው ቦታ የሥዕል ትርኢት አዘጋጁ። ራሳቸው ሲያወጉት፣ በመክፈቻው ዕለት የመጣው ሰው ለስላሳውን ጠጥቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ።

እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ አሰብኩ። አውሮፓ ተምሮ የመጣ መምህር እንዲህ ቢገጥመው ምን ይላል? “ሕዝቡ አልሠለጠነም፣ አይገባውም” ብሎ ማማረር ይቀለዋል። እኔም ደረሶቼ ሲሰንፉብኝ የምለው ይህንኑ ነው። አል-ሰላሒ ግን “ለምን አልመጡም?” ብለው ጠየቁ። ለተወሰነ ጊዜም ሥዕሉን ትተው በአገራቸው እየተዘዋወሩ ሰው በቤቱ ምን እንደሚሰቅል፣ ዕቃውን በምን እንደሚያስጌጥ ይመለከቱ ጀመር። በየቤቱ ያገኙት የዐረብኛ የቁም ጽሕፈትና የእጅ ሥራ ጌጣጌጥ ነበር፤ ይኸውም ከአባታቸው ሉሕ ላይ የሚያውቁት ነው። ሲመለሱ በሥዕላቸው ጥግ ላይ እንደ ፖስታ ቴምብር ያነሰ ጽሑፍ መጻፍ ጀመሩ፤ ሰዎች ቀረብ አሉ። ጽሑፉን በሸራው ላይ ሲዘረጉት ይበልጥ ቀረቡ። በመጨረሻም ፊደሉን ፈትተው ሲበታትኑት ከውስጡ የተክልም፣ የእንስሳም፣ የሰውም ቅርጽ ወጣላቸው።

በዚህ መንገድ የሄዱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩት ዑስማን ወቂዓላህ የቁም ጽሕፈትን ከዘመናዊ ሥዕል ጋር ያገናኙ ቀደምት ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1954ም በካርቱም የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፍተዋል። አሕመድ ሺብረይን ደግሞ በፊደል ቅርጽ ብዙ ሥራ የሠሩና ኮሌጁን የመሩ ናቸው። የእነዚህ መምህራን አሠራር በዓለም ዘንድ “የካርቱም ትምህርት ቤት” የሚል ስም አተረፈ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ገና ማስቀራት በጀመርኩበት ጊዜ፣ ከወሎ መጥቶ አጎቱ ዘንድ የሚኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደረሳዬ ነበር። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን ከሁሉም ያምራል። አንድ ቀን ሉሑን ይዞ ሲመጣ ዙሪያውን በሐረግ አስጊጦታል። ነጠብጣቡም፣ መስመሩም፣ ጥምዝምዙም ልክ ነው። እኔ ግን አንቀጹን መሐፈዝ ትቶ ሲጫወት ያመሸ መስሎኝ በጥፊ መታሁት። ይህም አልበቃ ብሎኝ ሉሑን ተቀብዬ በደረሶቹ ሁሉ ፊት በውኃ አጠብኩት። ጥቀርሻው ቀለም በእጄ ላይ ሲወርድ ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሐረግ አልሳለም፤ ከዓመት በኋላም ከመድረሳው ቀረ።

የሰላሒን ታሪክ ባነበብኩ ማግስት ልጁን ፍለጋ ወጣሁ። አጎቱን ጠይቄ መርካቶ አካባቢ ታፔላ እንደሚጽፍ ተረዳሁ። ሄጄ ሳገኘው ጺም ያወጣ ጎልማሳ ሆኖ ለአንድ ምግብ ቤት በዐማርኛና በዐረብኛ ይጽፍ ነበር። ገና ሲያየኝ “ኡስታዝ!” ብሎ ብሩሹን ጥሎ ተነሳና እጄን ሳመኝ። እኔም ሳልቀመጥ “ስለዚያች ሉሕ ዐውፍ በለኝ” አልኩት። ሳቀና “ጥፊው እኮ ትዝም አይለኝ” አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን “ሐረጉ የእናቴ ነበር” አለኝ። እናቱ ስፌድ ላይ በቀለም አክርማ የምትሰፋው ሐረግ ነው። እሷ በዚያው ዓመት አርፋለች። ልጁም ሐረጉን እንዳይረሳው ብሎ በሉሑ ዙሪያ አሰፈረው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም። ልጁን “ይህን ከየት አመጣኸው?” ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አንዲት ጥያቄ ነበረች የጎደለችው። እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እኔ ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! መሪነት ማለት ግን ከፊት ቆሞ ማዘዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ወደ ወንድሜ ቤት ተመለስኩ። ልጅቱን በመጀመሪያ የጠየቅኳት “በዚያ በካርቱሙ ትምህርት ቤት ሴት ነበረችበት?” ብዬ ነው። ፊቷ በራና ስለ ከማላ ኢብራሂም ኢስሓቅ ነገረችኝ። እሳቸውም የኡምዱርማን ልጅ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1963 ከኮሌጁ ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናቸው። ለንደን ተምረው ተመልሰው እዚያው አስተማሩ፤ የሥዕል ክፍሉንም መሩ። በ1970ዎቹ ዓመታትም ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ክሪስታሊስት የተባለ ቡድን መሠረቱ። ቡድኑ “ሁሉም በፊደልና በድሮ ቅርስ ዙሪያ ብቻ ለምን ይዞራል?” ብሎ የካርቱም ትምህርት ቤትን አካሄድ የሚሞግት ነበር። መምህርት ሆነው ሳለ ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። እኔ በመድረሳዬ አንድ ደረሳ “ለምን?” ሲለኝ ምን እንደማደርግ አሰብኩና አፈርኩ።

ቀጥሎ ከባዱን ነገር አነሳሁ። ሕይወት ያለውን ፍጡር መሳልን በተመለከተ በሐዲስ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መምጣቱን፣ ዑለሞችም በዝርዝሩ ላይ የተለያየ አቋም እንዳላቸው፣ እኔ ራሴ ከሚጠነቀቁት ወገን መሆኔን ሳልደብቅ ነገርኳት። በፊደል፣ በተክልና በሐረግ ሥራ ግን የሙስሊሙ ዓለም መስጊዶችና ሙስሐፎች ያጌጡበት ሰፊ መስክ እንዳለ አስረዳኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና “አጎቴ፣ እኔም እኮ ለዚህ ነው እርስዎን የምፈልገው። ዛሬ ከከለከሉኝ ነገ እዚያ ስገባ ግራ የገባኝን ማንን ልጠይቅ?” አለች። መልስ አልነበረኝም። ብትከለከልም መግባቷ እንደማይቀር፣ ልዩነቱ እኛን ይዛ መግባቷና ብቻዋን መግባቷ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ወንድሜ ግን በእንጀራው በኩል መጣ። “ሥዕል ምን ያበላታል? ሥልጣን የለው፣ ደመወዝ የለው!” አለ። እኔም የሰላሒን ቀሪ ታሪክ አጫወትኩት። ሰውየው ሥልጣንም አግኝተው ነበር። በአገራቸው የባህልና ማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ እስከመሆን ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን በከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ተጠርጥረው ያለ ፍርድ ስድስት ወር ያህል ታሰሩ። ሥልጣኑ በአንድ ቀን ሄደ። በእስር ቤቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መገኘት ያስቀጣ ስለነበር በብጥስጣሽ ወረቀት ላይ እየሣሉ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ከተፈቱ በኋላ ወደ ቀጠር ሄዱ፤ ኋላም እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ኖሩ። ትንንሽ ቁራጭን እየቀጠሉ ትልቅ ሥዕል የማድረግ ዘዴያቸው ከእስር ቤቱ ብጥስጣሽ የመጣ ነው። በ1984 እና በ1985 የሠሩት ዝነኛ ሥራቸው ዘጠኝ ክፍሎች ተገጣጥመው የቆሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን የሚገኘው ቴት ሞደርን ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሰብስቦ አሳየ። “ወንድሜ፣” አልኩት፣ “ከሥልጣኑና ከደመወዙ እስር ቤት ድረስ የተከተላቸው የቱ ነው? ከአባታቸው ሉሕ የጀመሩት የእጅ ሙያ አይደለምን?”

ወንድሜ ብዙ አልተናገረም። “እንግዲያው ኃላፊነቱ ያንተም ነው” አለ። “አዎ፣ የእኔም ነው” አልኩት።

ልጅቱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የሠራችውን ይዛ ቤቴ ትመጣለች። አንዳንዱን አልወደውም፤ እንዳልወደድኩትም እነግራታለሁ። ከመንገሬ በፊት ግን “ይህን ከየት አመጣሽው?” ብዬ እጠይቃታለሁ። ፍጻሜው ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። በመድረሳችንም አዲስ ነገር ጀምረናል። አንድ ጁዝእ የሐፈዘ ደረሳ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሉሑን ዙሪያ በሐረግ ያስጌጣል። የሐረግ አሣሣሉን የሚያሳያቸው ያ ታፔላ ጻፊ ነው፤ ዋጋ ብንሰጠው እምቢ አለ። በመጀመሪያው ሐሙስ ያሳያቸው የእናቱን የስፌድ ሐረግ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የማናውቀውን ነገር ይዘው ሲመጡ እጃችን ወደ ውኃው ከመሄዱ በፊት እንጠይቅ። መምህራን ሆይ፣ ለእኔም ለእናንተም ይህ አደራ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት የፈነዳባትን ካርቱምን፣ በስደት የተበተኑ መምህራኗንና ተማሪዎቿን አላህ (ሱ.ወ.) በእዝነቱ ይመልከታቸው፤ ወደ ቤታቸውና ወደ ሉሓቸው በሰላም ይመልሳቸው። የእኔንም ጥፋት ይማረኝ። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።