የጣውላ ዳኞች በአንቲጎ

አንቲጎ በአሜሪካ፣ በሰሜን ዊስኮንሲን ያለች የድንችና የእንጨት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ደን ውስጥ ሜፕል፣ ቀይ ኦክና ባስዉድ ይበቅላሉ። የሄድኩት ኖርዝሴንትራል የተባለው የመንግሥት ቴክኒክ ኮሌጅ ያቋቋመውን የእንጨት ቴክኖሎጂ ማዕከል ለማየት ነው። ዊስኮንሲን ለሙያ ትምህርት ሕግ ያወጣችው በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ኮሌጆቹ ዛሬም ከግብር ከፋዩ ኪስ ይደጎማሉ።

የጣውላ ደረጃ አወጣጥ እዚያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሰልጣኙ ጣውላውን አገላብጦ ጉጡን፣ ስንጥቁን፣ ቅርፊት የቀረበትን ጠርዝ ይመረምራል። አንደኛ ለመባል የባሰው ገጽ ራሱ ማለፍ አለበት። ይህን ደንብ በጣም ወደድኩት።

አንድ ሜፕል ላይ ብዙ ቆየሁ። ስፋቱ 8 ኢንች፣ ርዝመቱ 12 ጫማ ነው። የ1 ኢንች ስፋትና የ1 ጫማ ርዝመት አንድ ተብሎ ሲቆጠር 96 ይሆናል። አንደኛ ለመውጣት 80ው እንከን የለሽ፣ ያውም ከሁለት ካልበለጡ ቁራጮች የሚገኝ መሆን አለበት። ከአንዱ ጫፍ 3 ጫማ ገባ ብሎ ጉጥ አለ። ወርዱን ቢቆርጡት ከጉጡ ወዲያ ያለው 9 ጫማ 72 ብቻ ይሰጣል፤ ወዲህ ያለው በማጠሩ አይቆጠርም። ወጣቷ ሰልጣኝ የመለኪያ ዘንጓን አዙራ በቁመቱ ሰነጠቀችው፤ 3 ኢንች በ12 ጫማ 36፣ ከጎኑ 5 ኢንች በ9 ጫማ 45። ድምሩ 81! መጋዝ አልነካውም፤ ሁሉም በሐሳቧ ነው የተሰነጠቀው። ዋጋው ግን በዚያች ቅጽበት ከፍ አለ።

ደንቡ በ1898 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የብሔራዊ የጠንካራ እንጨት ጣውላ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1948 ሩቅ ባለችው የሜምፊስ ከተማ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። የመንግሥት ኮሌጅ ትምህርቱን እዚሁ ደኑ አጠገብ ሲሰጥ ግን ትንሽ መሰንጠቂያ ያለው ሰው ልጁን ያን ያህል ርቀት መላክ አያስፈልገውም። የመንግሥት ገንዘብ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሲውል ደስ ይለኛል።

እኛ ለቡናችን ቀማሽ አሠልጥነን ደረጃ እናወጣለን። መርካቶ ጣውላ በገዛሁባቸው ጊዜያት ግን ጥራቱን የነገረኝ ሻጩ ራሱ ነው። ወንዶ ገነት የደን ባለሙያ የሚያፈራ ኮሌጅ አለን፤ እዚያ የደረጃ አውጪዎች ሥልጠና በሰፊው ቢሰጥ፣ ጓሮው ያበቀለውን ዋንዛ የሚሸጥ ገበሬ ዋጋውን ከነጋዴው አፍ ብቻ አይሰማም ነበር።