የዪሺንግ የሸክላ በራዶችና የሠሪዎቻቸው ስም

ከሻንጋይ ወደ ምዕራብ ተጉዘን፣ ታይ የተባለውን ሰፊ ሐይቅ ዞረን ስናልፍ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን ዪሺንግን እናገኛለን። በእርሷ ሥር ያለችው ዲንግሹ የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት። በሹሻን ኮረብታ ግርጌ ባለው ጠባብ አሮጌ መንገድ ግራና ቀኝ የቀደሙት ባለሙያዎች የኖሩባቸውና የሠሩባቸው ቤቶች ተደርድረዋል። ቺያንሹ በተባለው ስፍራ ደግሞ በዳገት ላይ የተጋደመ፣ ርዝመቱ ከ40 ሜትር የሚበልጥ እቶን አለ። ስሙ «የዘንዶ እቶን» ነው። የተሠራው በሚንግ ነገሥታት ዘመን ሲሆን እስከ ዛሬ ሸክላ ይተኮስበታል።

ዪሺንግን በዓለም ያስታወቃት ግን በአንድ እጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ የሻይ በራድ ናት። ጭቃው «ዚሻ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሐምራዊ አሸዋ» ማለት ነው። ከመሬት የሚወጣው እንደ ድንጋይ ሆኖ ነው። ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ከፈራረሰ በኋላ ተፈጭቶና ተነፍቶ በውኃ ይቦካል። ስሙ ሐምራዊ ይሁን እንጂ ቀይና ወደ ቢጫ የሚያደላም አለ። ባለሙያው ጭቃውን በእንጨት መዶሻ ጠፍጥፎ፣ እንደ ቀበቶ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ ያገናኘዋል። ከዚያም እያዞረ ከውጭ በእንጨት መምቻ ቀስ እያለ እየመታ ሆዱን ያወጣለታል። አፉና እጀታው ኋላ ይጣበቃሉ። ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ እሳት ሲተኮስ ይጠነክራል፤ ነገር ግን የሚያብለጨልጭ ቅብ ስለማይቀባ ገላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖሩታል።

የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ጎንግ ቹን የተባለ አገልጋይ ጌታውን ተከትሎ ወደ አንድ ገዳም ሄደ። በዚያም አንድ መነኩሴ በራድ ሲሠራ አይቶ ሙያውን ቀሰመ። ጌታው በትምህርት ስሙን ለማስጠራት ሲደክም፣ ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው የአገልጋዩ ስም ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የሠሪው ስም ትልቅ ነገር ሆነ። በበራዱ መቀመጫ ላይ የሚታተመው ማኅተም ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ማኅተም ይቀረጻልና። ከ1915 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የኖሩት ስመ ጥሩው ጉ ጂንግጆ እንኳ በወጣትነታቸው፣ በ1930ዎቹ፣ ሻንጋይ ውስጥ ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ተቀጥረው የቀደምት ባለሙያዎችን በራዶች አስመስለው ይሠሩ ነበር። በ2010 ግን በራሳቸው ስም የሠሩት አንድ በራድ ቤጂንግ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ተሸጠ። በዚያው ዓመት የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን ተራ ጭቃ በኬሚካል ቀለም እየተለወሰ «ዚሻ» ተብሎ እንደሚሸጥ አጋለጠ።

በሌላ በኩል፣ በ1950ዎቹ የዪሺንግ ባለሙያዎች ተሰባስበው በኋላ «ቁጥር አንድ ፋብሪካ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። እዚያ ከተሠሩት በራዶች ብዙዎቹ ከሥራቸው «ዪሺንግ፣ ቻይና» የሚል ማኅተም ብቻ አለባቸው። በዘመናቸው ለዕለት መገልገያ በርካሽ የተሸጡ ነበሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ስለ ጭቃቸው ጥራት ነው። ከታወቁት የጭቃ ምንጮች አንዱ በሆነው በኋንግሎንግ ተራራ ቁፋሮ ከታገደ ብዙ ዓመታት አልፈዋልና።

እንግዲህ የዱሮ በራድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምን ያድርግ? ማኅተሙን ከማንበቡ በፊት በራዱን ይፈትን። ክዳኑ በልኩ ይገጥማልን? ውኃው ሳይንጠባጠብ ቀጥ ብሎ ይወርዳልን? ትኩስ ውኃ ሲሞላበት ምን ይሸታል? አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል በጫማ ቀለም የሚያሹት አሉና አፍንጫም ምስክር ነው። ያረጀ መስሎ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን ሻይ ያልነካው ሆኖ ከተገኘ መጠርጠር ይገባል።

የተገዛው በራድ እንደ እኛው ጀበና መሟሸት አለበት። በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ በድንገት የፈላ ውኃ ቢያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠረኑን ስለሚይዝ ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም። ልማደኞቹ ለአንድ በራድ አንድ ዓይነት ሻይ ብቻ ይመድባሉ፤ ለኡሎንግ የተመደበው ለፑኧር አይውልም።

አፈላሉም እንዲህ ነው። ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዘው በራድ በፈላ ውኃ ይታጠብና ሲሶው ያህል በሻይ ቅጠል ይሞላል። የመጀመሪያው ውኃ ወዲያው ይደፋል። ቀጥሎ የሚጨመረው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቆይቶ እስከ ጠብታው በትናንሽ ሲኒዎች ይቀዳል። ያው ቅጠል ስድስት ጊዜና ከዚያም በላይ ውኃ ይጨመርበታል፤ በየጊዜውም ጥቂት እንዲቆይ ይደረጋል። ቅጠሉ እስኪደክም ድረስ ቤተ ሰብ ተቀምጦ ይጫወታል።

ከዚያ በራዱ በትኩስ ውኃ ይለቀለቃል፤ ክዳኑም ተነሥቶ ይደርቃል። እንዲህ እየተደረገ ዓመታት ሲያልፉ ገላው ለስለስ ያለ ወዝ ያወጣል። ይህን ወዝ የሚያመጣው በየዕለቱ የሚያፈላበት ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ስመ ጥር ማኅተም ያላትን በራድ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተ ሰብ፣ ጭቃዋ ጥሩ የሆነ ስም የለሽ በራድ ይዞ ቢጀምር የሚቀርበት ነገር የለም።